ከመኖሪያ ቤት የሚካሄድ አነስተኛ የጦር መሣሪያ ንግድ፦ የፌዴራል ፈቃድ አሰጣጥና የባለፈቃዱ ግዴታዎች

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ በመግዛትና በመሸጥ ሥራ የሚሰማራ ማንኛውም ሰው፣ ሥራውን በንግድ መደብርም ሆነ በመኖሪያ ቤቱ ቢያካሂድ፣ አስቀድሞ የፌዴራል ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ፈቃዱን የሚሰጠውና ባለፈቃዶችን የሚቆጣጠረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ (ከዚህ በኋላ «ቢሮው») ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከቤቱ ለሚሠራ ነጋዴ የቀለለ ፈቃድ አላዘጋጀም። በዓመት ጥቂት መሣሪያ የሚያስተላልፍ ባለፈቃድም ትልቅ መደብር ያለበትን የመዝገብና የቁጥጥር ግዴታ ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። ይህ ጽሑፍ ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝና ቤትን የንግድ ቦታ ማድረግ ምን ኃላፊነት እንደሚያስከትል ያብራራል።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ፈቃድ የሚጠየቀው በዋነኛነት ትርፍ ለማግኘት በማሰብ፣ ጊዜውንና ጉልበቱን አውሎ የጦር መሣሪያ እየደጋገመ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው። የግል ስብስቡን ለማሻሻል ወይም ለመቀነስ አልፎ አልፎ የሚሸጥ ግለሰብ በዚህ አይካተትም። በአንጻሩ ለራሱ መገልገያ በጅምላ ዋጋ ለመግዛት ብቻ በማሰብ የንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ አመልካች ፈቃዱ አይሰጠውም።

ከቤታቸው የሚሠሩ ባለፈቃዶች አብዛኛውን ጊዜ ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች አንዱ የማስተላለፍ አገልግሎት ነው። በኢንተርኔት መሣሪያ ከሌላ ግዛት ነጋዴ የገዛ ሰው ዕቃውን በቀጥታ ቤቱ ሊቀበል አይችልም። መሣሪያው በሚኖርበት ግዛት ወደሚገኝ ባለፈቃድ ይላካል፤ ባለፈቃዱም መዝግቦ፣ የገዢውን ማንነት አጣርቶ፣ የአገልግሎት ክፍያ ተቀብሎ ያስረክባል።

አመልካቹ ማሟላት ያለበት

አመልካቹ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። በተጨማሪም መሣሪያ እንዳይዙ በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ወገኖች መካከል መሆን አይችልም። ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ከፍትሕ የሸሸ ሰው፣ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ እና በአገሪቱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ይገኙበታል። ማሪዋና በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ሆኖ ይቆጠራል። ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ (የግሪን ካርድ ባለቤት) ሌሎቹን መስፈርቶች እስካሟላ ድረስ ማመልከት ይችላል።

ቤቱ ለንግድ የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ

ብዙ ማመልከቻዎች የሚሰናከሉት በአመልካቹ ማንነት ሳይሆን በቤቱ ምክንያት ነው። አመልካቹ የሚያካሂደው ንግድ በግዛቱና በአካባቢው ሕግ ያልተከለከለ መሆኑን፣ ፈቃዱ በጸደቀ በ30 ቀናት ውስጥም የአካባቢውን መስፈርት እንደሚያሟላ በፊርማው ያረጋግጣል። መስፈርቱ እስኪሟላ ድረስ ሥራ መጀመር አይቻልም።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይጠቅማል፦

1. የከተማው ወይም የካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ደንብ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ንግድ ይፈቅድ እንደሆነ፣ የሚፈቅድ ከሆነም በመኖሪያ ቤት ለሚካሄድ ሥራ የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን፤
2. ቤቱ የኪራይ ከሆነ የባለቤቱን የጽሑፍ ስምምነት፤ በነዋሪዎች ማኅበር የሚተዳደር ከሆነ የማኅበሩን ደንብ፤
3. ግዛቱ ከፌዴራሉ ሌላ የራሱን የነጋዴ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድ እና ኒው ጀርሲ የራሳቸው የፈቃድ ሥርዓት አላቸው፤
4. የመኖሪያ ቤት መድን ውሉ የንግድ ዕቃን የሚሸፍን መሆኑን።

አመልካቾች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ቢሮው የባለፈቃዶችን ዝርዝር ከንግድ አድራሻቸው ጋር ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ከቤቱ የሚሠራ ሰው የንግድ አድራሻው የመኖሪያ አድራሻው ስለሆነ፣ በዚያ ቤት የጦር መሣሪያ እንዳለ ማንም ሊያውቅ ይችላል።

ማመልከቻ፣ ክፍያና ምርመራ

ማመልከቻው የሚቀርበው በቢሮው ቅጽ 7 ነው። ለነጋዴ የሚሰጠው ፈቃድ ዓይነት 01 ተብሎ ይታወቃል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 200 ዶላር ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ለማደስ 90 ዶላር ይከፈላል። በንግዱ አመራር ላይ ኃላፊነት ያለው እያንዳንዱ ሰው ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ያቀርባል። የማመልከቻው ቅጂ ለአካባቢው የሕግ አስከባሪ አካል ኃላፊ ይላካል።

ከዚያ በኋላ የቢሮው መርማሪ አመልካቹን በአካል ያነጋግራል። ንግዱ የሚካሄድበትን ክፍል፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የአካባቢውን ፈቃድና የመዝገብ አያያዝ ዕቅዱን ይመለከታል፤ የሕጉን ግዴታዎችም ያስረዳል። ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ ቢሮው በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

መሣሪያን ለደንበኛ ማስረከብ

ፈቃድ የሌለው ደንበኛ መሣሪያ ሲረከብ ቅጽ 4473ን ራሱ ሞልቶ ይፈርማል፤ ፎቶግራፉን፣ የልደት ቀኑንና የመኖሪያ አድራሻውን የያዘ ሕጋዊ መታወቂያም ያቀርባል። ገዢው ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል ከሆነ ሻጩ መልሱን ሊሞላለት አይችልም። ከሻጩ ውጭ የሆነ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ሻጩን ሳይጨምር ሁለት ሰዎችም በምስክርነት ይፈርማሉ። ደንበኛውን ለመርዳት በሚል ቅን ልቦና ሻጩ ራሱ የሞላው ቅጽ የሕግ ጥሰት ነው።

ቀጥሎ ባለፈቃዱ በኤፍ.ቢ.አይ. የሚተዳደረውን ብሔራዊ የማጣሪያ ሥርዓት፣ በአንዳንድ ግዛቶችም የግዛቱን ፖሊስ ይጠይቃል። መልሱ ማስረከብ ይቻላል፣ ተከልክሏል ወይም ዘግይቷል የሚል ይሆናል። የዘገየ መልስ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠናቀቀ የፌዴራል ሕግ ማስረከብን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ገዢዎች ይህ ጊዜ እስከ አሥር የሥራ ቀናት ሊራዘም ይችላል።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው በሌላ ሰው ፋንታ የሚፈጸም ግዢ ነው። መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው ወይም ስሙ እንዲመዘገብ የማይፈልግ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ዘመዱን ወይም ጓደኛውን «በስምህ ግዛልኝ» ሊል ይችላል። ገዢው በቅጹ ላይ እውነተኛው ተረካቢ እኔ ነኝ ብሎ ሲፈርም ሐሰተኛ ቃል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ይህ ድርጊት እስከ 15 ዓመት፣ መሣሪያው ለከባድ ወንጀል እንደሚውል እያወቀ ለፈጸመው ደግሞ እስከ 25 ዓመት እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ፣ መያዝ ላልተከለከለ ሰው በስጦታ መስጠት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ባለፈቃዱ ደንበኛውን በሚገባ የሚያውቀው ጎረቤት ወይም ዘመድ ቢሆንም፣ ከተጠራጠረ ሽያጩን ማቆም አለበት።

መዝገቡ ለምን ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ የፌዴራል መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን ማዕከላዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። በዚህም ምክንያት በወንጀል ሥፍራ የተገኘ ሽጉጥ ባለቤት በአንድ ቁልፍ ተፈልጎ አይገኝም። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ የሚገኘው ብሔራዊ የመከታተያ ማዕከል በመለያ ቁጥሩ ተነሥቶ አምራቹን፣ ከዚያም አከፋፋዩን፣ በመጨረሻም ቸርቻሪውን ይጠይቃል። ከቸርቻሪው ወደ መጀመሪያው ገዢ የሚያደርሰው ማስረጃ በባለፈቃዱ እጅ ያለው መዝገብና ቅጽ 4473 ብቻ ነው። ባለፈቃዱ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የአንድ መለያ ቁጥር ስሕተት ወይም ያልተሞላ መስመር የአንድን ግድያ ምርመራ እዚያው ሊያቆመው ይችላል።

በዚህ መሠረት፦

1. የተገኘ መሣሪያ በተገኘ ማግሥት ባለው የሥራ ቀን ማብቂያ፣ የወጣ መሣሪያ ደግሞ በሰባት ቀናት ውስጥ ይመዘገባል። መዝገቡ ቀኑን፣ አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ዓይነቱንና ካሊበሩን፣ ከማን እንደተገኘና ለማን እንደተሰጠ ይይዛል።
2. አንድ ሰው በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከገዛ በዚያው ቀን ሪፖርት ይደረጋል።
3. የተሰረቀ ወይም የጠፋ መሣሪያ በታወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ለቢሮውና ለአካባቢው ፖሊስ ይነገራል።
4. መዝገቦች ንግዱ እስኪዘጋ ድረስ ይጠበቃሉ። ሲዘጋም በ30 ቀናት ውስጥ ለቢሮው ይላካሉ።

በአንድ ጣሪያ ሥር ንግድና ቤተሰብ

የንግዱን ክፍል ከቤተሰቡ መኖሪያ መለየት፣ መሣሪያውን በብረት ካዝና መቆለፍና ቁልፉን ከባለፈቃዱ በስተቀር ማንም እንዳያገኘው ማድረግ የልጆችን ሕይወት ይጠብቃል። በቤቱ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው የሚኖር ከሆነ ወደ ዕቃው የሚደርስበት መንገድ ፈጽሞ ሊኖር አይገባም። ሽጉጥ ለደንበኛ ሲሸጥ መቆለፊያ ወይም ማስቀመጫ አብሮ መሰጠት አለበት።

የባለፈቃዱ የግል መሣሪያ ከንግዱ ዕቃ ተለይቶ ይቀመጣል። ከንግዱ ወደ ግል ስብስቡ የሚያዛውረው መሣሪያ በመዝገቡ ላይ ወጪ ሆኖ ይጻፋል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚሸጠው ከሆነም እንደ ማንኛውም የንግድ ሽያጭ ይቆጠራል። ባለቤቱ ወይም ልጁ የንግዱን ዕቃ በባለቤትነት የሚረከቡ ከሆነም እንደ ማንኛውም ገዢ ቅጽ 4473 ሞልተው የማጣራት ሥርዓቱን ያልፋሉ።

ቢሮው በ12 ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የመዝገብና የዕቃ ቁጥጥር ማድረግ ይችላል። ይህም በሥራ ሰዓት በንግዱ ቦታ የሚደረግ ነው። ስለሆነም በማመልከቻው ላይ የተገለጸው የሥራ ሰዓት ባለፈቃዱ በእርግጥ የሚገኝበት ሊሆን ይገባል። ቤት የሚቀይር ባለፈቃድ ከመዛወሩ ቢያንስ 30 ቀናት አስቀድሞ የተሻሻለ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየውና ለዚያ አድራሻ ነውና።

ወደ ውጭ አገር ስለመላክ

የነጋዴ ፈቃድ መሣሪያን ወይም ክፍሉን ከአገር የማስወጣት መብት አይሰጥም። ለዚህ የተለየ የፌዴራል የወጪ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተቀባዩ አገር ሕግም መከበር አለበት። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ለዘመድ ተብሎ በሻንጣ ወይም በጭነት ውስጥ የሚላክ መሣሪያ ላኪውንም ተቀባዩንም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሥራው የሚመቸው ለማን ነው?

ፈቃዱን ሆን ብሎ የተላለፈ ወይም ግዴታውን እያወቀ ችላ ያለ ባለፈቃድ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ከመጨረሻው ውሳኔ በፊትም ቀርቦ የመሰማት መብት አለው። ከቤቱ የሚሠራ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ሻጭም፣ መዝጋቢም፣ ጠባቂም ራሱ ነው። ስለዚህ አመልካቹ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት፣ በየዕለቱ መዝገቡን ለመሙላትና የቅርብ ዘመዱንም ቢሆን «አይቻልም» ለማለት ዝግጁ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባል።