መነጽርና ጠመንጃ የሚስማሙበት ነጥብ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች ወጥታችሁ ወደ መስቀል አደባባይ የምትወርዱ ሁሉ፣ አንድ ቀን ጥቂት ጊዜ ብትተርፋችሁ በአደባባዩ ደረጃ ላይ ቁማችሁ ይህን ሞክሩ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉና፣ በአንድ ዓይን ብቻ እያያችሁ በማዶ ካለው ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አስተካክሉት። ከዚያም ያን ዓይን ጨፍናችሁ ሌላውን ክፈቱ። እጃችሁ ሳይነቃነቅ ጣቱ ዘሎ ከሕንጻው ጎን ይገኛል። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል ያለው ርቀት ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ያ ትንሽ ርቀት ከሩቅ ሲደርስ ብዙ ሜትር ይሆናል።

በጠመንጃ ላይ የሚገጠመውም መነጽር ጠባዩ ይኸው ነው። መነጽሩ ጥይቱ ከሚወጣበት ቱቦ በላይ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጦ ያያል፤ ጥይቱ ግን ከበታቹ ይወጣል። የሚታይበትና የሚተኮስበት ቦታ ልዩ ልዩ ሆኖ ሳለ ሁለቱን በአንድ ነጥብ ላይ ማገናኘት የባለቤቱ ሥራ ነው እንጂ መነጽሩ በራሱ የሚፈጽመው አይደለም። ውድ መነጽር የገዛ ሰው ዒላማ መችነትንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። መነጽር አጉልቶ ያሳያል፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጠም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ የደጋ አጋዘን ለማደን ከባሕር ማዶ ለመጣ አንድ እንግዳ አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ባሌ ደጋ ወርጄ ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ፣ የወንዱ ክብደት እስከ ሦስት መቶ ኪሎ የሚጠጋ እንስሳ መሆኑን ታውቃላችሁ። እንግዳው ከሰፈር እንደ ደረሰ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጫካ ለመግባት ቸኮለ። መንገድ መሪያችን የነበሩት ሽማግሌ ግን ከፊቱ ቆሙና፣ «ጌታዬ፣ አስቀድመው ወረቀት ይግደሉ» አሉት። እኔም ቃሉን እንዳለ ተረጐምሁለት። ሰውየው ሣቀ፤ ጠመንጃው ከገዛበት ሱቅ ተስተካክሎ እንደ ተሰጠውም ነገረን። ሽማግሌው ግን ከአፈር ቁልል ፊት ወረቀት ለጥፈው፣ መቶ ሜትር ቈጥረው ተመለሱ። እንግዳው በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም ቀዳዳ እርስ በርሱ የተቀራረበ ነበር፤ ግን ከነጥቡ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ግራ ርቆ ተገኘ። በሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ሦስት ስንዝር ይሆን ነበር ማለት ነው። ትከሻው የታለመ አጋዘን ሆዱን ተመትቶ ከአስታው ውስጥ ይገባና፣ ምናልባት ቀናት ሲሠቃይ ሰንብቶ ለጅብ ይሆናል። ሣቁ ያን ጊዜ ቀረ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ማሽላ የሚጠብቅ የገበሬ ልጅ በወንጭፍ ሲወረውር ድንጋዩን በቀጥታ በወፉ ላይ አይለቅም፤ ከወፉ በላይ አድርጎ ይለቃል። ድንጋዩ እየሄደ እንደሚወድቅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃልና። ጥይትም ፈጥኖ የሚሄድ ድንጋይ ነው። በሴኮንድ ስምንት መቶ ሜትር የሚሄድ ጥይት መቶ ሜትር ለመድረስ የሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህችም ቅጽበት ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። በሁለት መቶ ሜትር ግን መውደቁ እጥፍ ብቻ አይደለም፤ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። የዓይን መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የጥይቱ መንገድ ደግሞ የጐበጠ ነው። ስለዚህ ቱቦው ከዓይን መስመር በጣም በጥቂቱ ወደ ላይ ቀና እንዲል ይደረጋል። አንዳንዶች «ጥይት ከአፈ ሙዝ እንደ ወጣ ወደ ላይ ይነሣል» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚነሣው ግን ቱቦው ቀና ስላለ እንጂ ጥይቱ ክንፍ ስላለው አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ የሚባለው፣ ስሙ የፈረንሳዩን የግራስን ጠመንጃ የሚያስታውሰው፣ በጀርባው ላይ የሚነሣና በሜትር የተከፋፈለ ማነጣጠሪያ ነበረው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የያዘው የአሜሪካ ኤም ዋን ጠመንጃ ደግሞ መነጽር ሳይኖረው የኋላ ማነጣጠሪያው በመዞሪያ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚታረም ነበር። መነጽርም ቢሆን የትናንት ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1860ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ተተኵሶበታል።

እንግዲህ የማስማማቱ ሥራ እንዴት ነው? አስቀድሞ መነጽሩን የያዙት ብሎኖች ሁሉ ይፈተሻሉ። የላላ ብሎን ያለውን ጠመንጃ ማረም በሚፈስ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። መስቀለኛው ክርም ወደ ጎን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መቆሙ ይታያል። ከዚያም የኋላ መዝጊያው የሚወጣ ዓይነት ጠመንጃ ከሆነ፣ ባዶነቱ ተረጋግጦ መዝጊያው ይወጣና፣ ጠመንጃው በከረጢት ላይ ጸንቶ ሳለ በቱቦው ውስጥ በኋላ በኩል ወደ ዒላማው ይታያል። ዒላማው በቱቦው መካከል ሲታይ፣ ጠመንጃው ሳይነካ በመነጽሩ መዞሪያዎች መስቀለኛው ክር ወደዚያው ዒላማ ይመጣል። ይህ ጥይት ሳይባክን ብዙ መንገድ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ግምት ነው እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

ቀጥሎ በሃያ አምስት ሜትር ይተኮሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በመቶ ሜትር ነጥቡን እንዲመታ የተፈለገ ጠመንጃ በሃያ አምስት ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መምታት ይገባዋል፤ ጥይቱ ገና ከመነጽሩ በታች ነውና። ይህን የማያውቅ ሰው ልክ የነበረውን ያበላሻል።

ከዚያ ወደ መቶ ሜትር ይኬዳል። ሦስት ጥይት ይተኮስና የሦስቱ ቀዳዳ መካከል ይፈለጋል። በአንድ ጥይት መፍረድ በአንድ ምስክር እንደ መፍረድ ነው። ብዙዎቹ መነጽሮች መዞሪያቸው አንድ ጊዜ ቀጭ ባለ ቍጥር ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በመቶ ሜትር ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ያዛውራሉ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያዛውሩም አሉ። እንግዲህ የቀዳዳዎቹ መካከል ስድስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል በፊተኛው ዓይነት ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀጭታ ወደ ላይ ማለት ነው። በመዞሪያው ላይ ያለው ቀስት የሚያመለክተው ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ መሆኑን ልብ በሉ። ቱቦው ሲግል ጥይት ቦታውን ሊስት ስለሚችል በየሦስቱ መካከል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በከረጢቱ ላይ የሚያርፈውም የእንጨቱ ክፍል ይሁን እንጂ ቱቦው አይሁን።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን የት ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከጀርባው ወፍራም የአፈር ግድብ ከሌለው ዒላማ ፊት መቆም የለበትም። የአደን ጠመንጃ ጥይት ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ሲተኰስ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከመስቀል አደባባይ ቢነሣ አራት ኪሎን አልፎ የሚወድቅ ነው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኵሱ ወንድሞቻችን የዚያን ጥይት መውረጃ ጠይቀው አያውቁም።

ስለ አየሩም ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለሉ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ጥይቱን የሚገታው አየር ስለሆነ፣ እዚህ የተስማማ ጠመንጃ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ጥይቱ ፈጥኖ ይደክማል፤ ዝቅ ብሎም ይመታል። ሆኖም ይህ በመቶ ሜትር ርቀት ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ በሦስት መቶ ሜትር ጥቂት ሳንቲ ሜትር፣ በአምስት መቶ ሜትር አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ከአየሩ ይልቅ የሚያስፈራው መንገዱ ነው። በመኪና ኋላ ተጭኖ ቀኑን ሙሉ በኰረኰንች የተንገጫገጨ ጠመንጃ አንድ ብሎን በጥቂቱ ቢላላበት፣ የጋምቤላ አየር ከሚያደርስበት ስሕተት ብዙ እጥፍ ይደርስበታል። የጥይት ዓይነት መለወጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ በሠራው የተስተካከለው በሌላው አይጸናም።

እንግዳችን በዚያን ቀን አሥራ አምስት ጥይት ተኵሶ በመጨረሻው ሦስት ቀዳዳዎቹ በአንድ የቡና ሲኒ የሚከደኑ ሆኑለት። ሽማግሌው ወረቀቱን ነቅለው፣ የመዞሪያዎቹን ቍጥር በላዩ ላይ አስጻፉና አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ለውጠን በመኪና ስንደርስ፣ ሻንጣ ሳይወርድ አዲስ ወረቀት ይዘው መቶ ሜትር መቍጠር ጀመሩ። እንግዳውም ያለ አስተርጓሚ ገባው።