የወላጅ ምርቃትና የተማሪ የሙያ ምርጫ

በአገራችን ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን «ሐኪም ሁንልኝ» ተብሎ መመረቁ የተለመደ ነው። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከልጁ ጋር አብሮ አድጎ፣ በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጹን እስከ መሙላት ይደርሳል። በዚህ ጽሑፋችን አስተዳደግ ለሙያ ምርጫ ያለውን ድርሻ እንመለከታለን።

የሥነ ልቦና ምሁር ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ሦስት የአስተዳደግ ዘይቤዎችን ለይተው አቅርበዋል። አምባገነናዊው ትእዛዝን እንጂ ውይይትን አያውቅም፤ ልቅ የሆነው ፍቅር ቢኖረውም ገደብ አያበጅም፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥብቅነትን ከፍቅር አጣምሮ፣ ልጁ «ለምን?» ሲል ምክንያቱን ያስረዳዋል።

በዚያው ዓመት ጄምስ ማርሲያ 86 የኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ ሙያና ስለ እምነታቸው ጠየቁ። መለኪያዎቻቸው ሁለት ነበሩ፦ ተማሪው አማራጮችን መርምሯል? ቁርጥ ውሳኔስ ላይ ደርሷል? ከተገኙት አራት ወገኖች መካከል ለጉዳያችን ዋነኛው ሳይመረምር የወሰነው ነው። ይህ ተማሪ ሲያዩት ዓላማውን የሚያውቅ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ከወላጆቹ የወረሰው ነው። በጥናቱ እነዚህ ተማሪዎች ከአቅማቸው በላይ የሆነ ግብ የማለም ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ የምኞት ከፍታ ብቻውን የበሰለ ምርጫ ምልክት አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት አልበርት ባንዱራ በ1977 ያቀረቡት ሐሳብ ይጠቅመናል። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት በዋነኛነት የሚገነባው ራሱ ሞክሮ በመሳካቱ ነው። በትናንሽ ጉዳዮች እንኳ እንዲወስን ያልተፈቀደለት ልጅ፣ ትልቁ ውሳኔ ሲመጣ የሚመካበት ልምድ ከየት ያገኛል?

ይህን ስንል ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። የአንድ ልጅ ደመወዝ ታናናሾቹን በሚያስተምርበት ቤት፣ አስተማማኝ ሙያ መመኘት ፍቅርም ስሌትም ነው። ደግሞም የልጁ ጠባይ በተራው የወላጁን አያያዝ ይለውጣል፤ አስተዳደግ ብቸኛው ምክንያት አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ለምርመራ መልካም ጊዜ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በሙያው የተሰማሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ የሥራ ውሏቸውን ተመልከቱ፤ ያገኛችሁትንም ለወላጆቻችሁ በአክብሮት አስረዱ። ከዚያ በኋላ ምርጫችሁ የእነርሱ ምርጫ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ያን ጊዜ የራሳችሁ ነው።