ደም ብዛትና «የሚያመኝ የለም»

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሚያመኝ የለም» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። መልሱ የእውነት መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ደም ብዛት የሚባለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ለብዙ ዓመታት ከሰው ጋር የሚኖር ስለሆነ፥ ሕመም አለመሰማቱ ብቻውን የጤንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለዚህም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ታሪክ ማስረጃ ይሆነናል። ሩዝቬልት የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብጽ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ፥ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በመጋቢት 1936 ዓ.ም. የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኝቷል፤ ለሕዝብ ይነገር የነበረው ግን ጤናቸው ደኅና መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ካነጋገሩ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥዕላቸው እየተሣለ ሳለ ራሳቸውን እንዳመማቸው ተናግረው ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ የላይኛው ቁጥር ከ300 አልፎ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ በፈሰሰው ደም ምክንያት በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኒህ ሰው ሐኪም አጥተው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ዕረፍት ከማድረግና ጨው ከመቀነስ በቀር የረባ ሕክምና አልነበረም፤ ጨውንና ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ክኒን እንኳ ለገበያ የቀረበው በ1950 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ይህን የመሰሉ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች አሉ።

ታዲያ በየቤቱ የምናየው ምንድን ነው? አባት ክኒኑን ለሁለት ወር ይውጣል፤ ሲለካ ግፊቱ ወርዶ ይገኛል፤ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ያወረደው ክኒኑ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። እናትም ጎረቤት በመከረቻት መሠረት በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ትተካዋለች። ሽንኩርቱን መብላት ማንም አይከለክልም፤ ጉዳቱ ክኒኑን ማስቀረቱ ላይ ነው። ምናልባት ስሙም ሳያሳስት አልቀረም። ደም ብዛት ሲባል ደሙ የበዛ ይመስላል፤ የበዛው ግን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይኸው ግፊት ቀስ በቀስ ልብን፥ ኩላሊትን፥ ዐይንንና አንጎልን ይጎዳል።

ስለ ጨውም እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። በእኛ ቤት በርበሬው ጨው አለበት፤ ሽሮው ጨው አለበት፤ ወጡ ሲቀርብ ደግሞ «ጨው አንሶታል» ይባላል። ቡናውን በጨው የሚጠጣም አገር አለ!

ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላን ሰዎች ለአባቶቻችን ይህን ስንናገር ድፍረት ይመስልብን ይሆናል። ቢሆንም «አባባ፥ ዛሬ ክኒንዎን ዋጡ?» ብሎ መጠየቅና ለመለካት አብሮ መሄድ የልጅ ሥራ ነው።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡና ጠጥቶ ወይም ደረጃ ወጥቶ እያለከለኩ መለካት ቁጥሩን ያሳስታል። አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ፥ ክንድንም በልብ ትክክል ማሳረፍ፥ በሚለካበትም ጊዜ አለማውራት ያስፈልጋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምሱም፥ ክኒኑን ከመዝለል ይልቅ ለሐኪማቸው ነግረው ሰዓቱን ቢያስተካክሉ ይሻላል፤ ከእነዚህ ክኒኖች ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ፥ ማታም ቢሆን የሚወሰዱ ናቸው።