0918፦ ሞባይል ወደ ብቸናና ሞጣ የሄደበት መንገድ

ብቸና ወይም ሞጣ ውስጥ ቆየት ያለ የሞባይል ቁጥር የያዘ ሰው ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በ0918 ይጀምራል። ቴሌ ሞባይልን ከዋና ከተማው ሲያወጣ ለየአቅጣጫው የራሱን መነሻ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። 0911 የአዲስ አበባ፣ 0914 የሰሜን፣ 0915 የምሥራቅ፣ 0916 የደቡብ፣ 0917 የምዕራብ ሲሆን፣ 0918 ደግሞ ጎጃምና ጎንደር ያሉበት የሰሜን ምዕራብ ነው። ዛሬ ሲም ካርድ ከየትም ስለሚገዛ መነሻው ብዙም አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ቁጥሩን ያየ ሰው ደዋዩ ከወዴት እንደሆነ ይገምት ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ስልክ የከተማው እንጂ የሰውየው አልነበረም። አገሪቱ ከስልክ ጋር የተዋወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ያም ሆኖ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በወረዳ ከተሞች ስልክ ማለት በአብዛኛው የቴሌ ቢሮው ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱን ለማነጋገር አስቀድሞ ጥሪ ያስይዛል። መልእክተኛ ጥሪውን ይዞ ቤት ድረስ ይሄዳል። እናት በተባለው ቀንና ሰዓት ቢሮው ደርሳ ተራ ትጠብቃለች፤ ስሟ ሲጠራ ገብታ፣ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ውጭ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማት ታወራለች። ቤቷ ከከተማ ርቆ ገጠር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጥሪው የሚደርሳት ገበያ የወጣ ሰው ካገኘላት ብቻ ነው።

ጂኤስኤም የሚባለው የሞባይል ሥርዓት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሥራ የጀመረው በፊንላንድ፣ በሰኔ 1983 ዓ.ም ነው። ደርግ በወደቀ በወሩ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም ሲሆን፣ አዲስ አበባን ብቻ የሚሸፍንና 36,000 ያህል ደንበኛ ለማስተናገድ የታሰበ ነበር። ቀጥሎ ወደ ክልል ዋና ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ዞንና ወረዳ ከተሞች ወረደ። በመስከረም 1998 የአገሪቱ ቁጥሮች በሙሉ ወደ አሥር አኃዝ ሲያድጉ፣ የአዲስ አበባ ሞባይሎች ከ09 በኋላ 11 ተጨመረላቸው። የጎጃም የመደበኛ ስልክ መነሻ የነበረው 08ም 058 ሆነ። በዚህ ድልድል 058 661 ሞጣ፣ 662 ቀራንዮ፣ 663 ደብረ ወርቅ፣ 664 ግንደወይን፣ 665 ብቸና ነው። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሞጣ በኩል የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ከተሞች በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል። የስልክ መስመርም ቢሆን የሄደው መኪና በሄደበት ነው።

ሞባይል ግን መንገድን ተከትሎ ብቻ አይሄድም፤ ዋናው ጉዳዩ ከፍታ ነው። ስልካችን የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለው ምሰሶ ጋር ነው። አንድ የጂኤስኤም ምሰሶ በተለመደው አሠራሩ ቢበዛ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ ያለፈ ስልክ ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምሰሶው አያስተናግደውም። ይህ ግን ለጥ ባለ ሜዳ ነው። ብቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ ይጋርዳቸዋል፣ በምሥራቅ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ደጋው ላይ ያለ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ ሲያወራ፣ ሰባራ ድልድይ ባለበት በሞጣ ቆላ ያለ ዘመዱ ኔትወርክ ፍለጋ ተረተር መውጣት ነበረበት። ርቀቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ገደሉ ራሱ ምልክቱን ይቆርጠዋል።

ምሰሶው ራሱም ብቻውን አይሠራም። የተቀበለውን ድምፅ ወደ ማዕከል ማድረስ አለበት፤ ለዚህም በየተራራው ጫፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ማስተላለፊያዎች ይተከላሉ፤ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪና ጄኔሬተር ይተካሉ፣ ናፍጣው ሲያልቅ ግን ምሰሶው ይዘጋል። የተዘጋው መሀል ላይ ያለው ከሆነ ከሱ ወዲያ ያሉትም አብረው ዝም ሊሉ ይችላሉ። በአንድ ወረዳ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥፋቱ ሌላ ወረዳ ያለ ተራራ ላይ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረጋው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከኅዳር 2003 ወዲህ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም። ትልቁ መስፋፋት የመጣው በ1999 ዓ.ም ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በተፈረመው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ሲሆን፣ ገንዘቡ ከሻጩ ወገን በብድር የቀረበ ነበር። በእኔ እምነት ትርፍ ብቻ የሚያሰላ ኩባንያ በዚያን ጊዜ ብዙ የወረዳ ከተሞችን ባልደፈረ ነበር፤ ይህን ለቴሌ መንፈግ አይገባም። የብቸኝነቱ ዕዳ ግን ከባድ ነበር። ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ መጠበቅ የግድ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘጋና እስከ መስከረም 2000 ሳይከፈት ቆየ። በዚሁ መሀል፣ በየካቲት 1999፣ ጎረቤታችን ኬንያ ኤምፔሳን ጀመረች፤ በተራ የእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ማለት ነው። የቴሌ ተመሳሳይ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ የመጣው በግንቦት 2013 ነው። እነዚያ 14 ዓመታት ለብቸና ነጋዴም፣ አዲስ አበባ ሠርቶ ለወላጆቹ ብር በሰው እጅ ለሚልከውም ልጅ የባከኑ ዓመታት ናቸው፤ ሳስባቸው ይቆጨኛል።

ሕዝቡ እስከዚያው የራሱን ዘዴ አበጀ። ሚስኮል ያለ ሂሳብ የሚላክ መልእክት ሆነ፤ አንዴ ከጮኸ «ደረስኩ»፣ ሁለቴ ከጮኸ «ደውልልኝ» ብለው የሚግባቡ ነበሩ። መብራት የሌለው ገጠሬ ስልኩን ገበያ ይዞ ወጥቶ ሱቅ ውስጥ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርጋል፣ ካርዱንም እዚያው ይሞላል። ጤፍ ይዞ የሚወጣው ገበሬ ደግሞ አህያውን ከመጫኑ በፊት ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ቻለ። የብቸናና የየትመን አካባቢ ጤፍ ስመ ጥር ነው፤ ሆኖም ገበሬው የሌላውን ገበያ ዋጋ የሚሰማው ቀድሞ ከገዢው ከራሱ አፍ ነበር።

በ2006 ዓ.ም የግብርና መረጃ የሚሰጠው 8028 ተከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ከዚያም የሰብሉን ቁጥር ተጭኖ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ ተቀድቶ የተቀመጠ ምክር ይሰማል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ባለ ቁልፍ ርካሽ ስልክ ይበቃዋል። አገልግሎቱ በጽሑፍ ብቻ ሳይወሰን በድምፅ መሠራቱ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች ባለ ማሳም ማንንም አንብብልኝ ሳትል፣ በሰኔ እርሻ መሀል ቆማ፣ የፈለገችውን ክፍል ደግማ ደጋግማ ልታዳምጥ ትችላለች።