ኢንቴፒርዲን፦ ለመርሳት በሽታ የታሰበው ክኒን

ሴሮቶኒን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ድብርት ነው። ይሁንና ይህ ኬሚካል በአንጎል ውስጥ የሚያስከትለው ውጤት በሚያርፍበት ተቀባይ ዓይነት ይወሰናል። ተቀባዮቹ ከአስር በላይ ዓይነት ሲሆኑ፣ አንዱ ከምግብ ፍላጎት፣ ሌላው ከማስመለስ፣ ሌላው ከጭንቀት ጋር ይያያዛል። በ1993 እ.ኤ.አ. የታወቀው ስድስተኛው ተቀባይ የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ቀልብ የሳበው ከአንጎል ውጭ እምብዛም ስለማይገኝ ነው። እሱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ሌላውን የሰውነት ክፍል ብዙም አይነካም የሚል ተስፋ ነበር። ከዚህም በላይ ተቀባዩ ለመማርና ለማስታወስ በሚያገለግሉ የአንጎል ክፍሎች ውስጥ አለ።

ኢንቴፒርዲን የተሠራው ይህን ተቀባይ ለመዝጋት ነው። በአልዛይመር በሽታ ለማስታወስ የሚያስፈልገው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እየመነመነ ይሄዳል። ስድስተኛው ተቀባይ ሲነቃ የዚህን ኬሚካል ፍሰት እንደ ልጓም ይይዘዋል፤ ክኒኑ ሴሮቶኒን ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ሲከለክል ልጓሙ ይላላል። ከዶኔፔዚል ጋር አብሮ እንዲሰጥ የታሰበውም ለዚሁ ነው። ለዓመታት በሥራ ላይ ያለው ዶኔፔዚል የተለቀቀው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ አዲሱ ክኒን ደግሞ የሚለቀቀውን ያበዛል። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው።

ክኒኑን መጀመሪያ የያዘው የመድኃኒት ኩባንያው ግላክሶስሚዝክላይን ነበር። 684 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ በቀን 35 ሚሊግራም ከዶኔፔዚል ጋር የወሰዱት በአንዳንድ መለኪያዎች መጠነኛ መሻሻል አሳዩ፤ ክኒኑ ብቻውን ሲሰጥ ግን ውጤቱ አሳማኝ አልነበረም። በእኔ እይታ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነበር። ኩባንያው በ2014 መጨረሻ ክኒኑን አክሶቫንት ለተባለ አዲስ ድርጅት በ5 ሚሊዮን ዶላር ቅድመ ክፍያ ሸጠው። አክሶቫንት በሰኔ 2015 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ 315 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ።

ቀጥሎ 1,315 ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ መጣ። ከሁሉ ይልቅ የማከብረው የእነሱን ድርሻ ነው። ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለው አምሳያ ክኒን እንደሚደርሳቸው እያወቁ፣ ከአስታማሚዎቻቸው ጋር እየተመላለሱ፣ በየጊዜው ቃላት የማስታወስና ዕቃ የመሰየም ፈተና እየተቀመጡ 24 ሳምንት ዘለቁ። የሚያቅታቸውን ነገር ደጋግመው በፈቃዳቸው የተጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ውጤቱ በመስከረም 2017 ተነገረ። 70 ነጥብ ባለው የአእምሮ ፈተና ላይ ኢንቴፒርዲን በወሰዱትና አምሳያውን በወሰዱት መካከል የታየው ልዩነት 0.36 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት የማይለይ ነው። በልብስ መልበስ፣ በመመገብና በመሳሰሉት የዕለት ተዕለት ሥራዎችም ለውጥ አልታየም። የድርጅቱ አክሲዮን በአንድ ቀን ከ70 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዴንማርኩ ሉንድቤክ ያዘጋጀው፣ ያንኑ ተቀባይ የሚዘጋው ኢዳሎፒርዲንም እንዲሁ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር።

ለምን? እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ይህ ነው፦ በሽታው በምልክት ተለይቶ በሚታወቅበት ጊዜ አሴቲልኮሊን የሚለቁት የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸው በብዛት ሞተዋል። ፈረሱ ከወደቀ ልጓም ማላላት ምን ይጠቅማል? ጤነኛ አይጥ ላይ የሠራ ነገር በታመመ የሰው አንጎል ላይ ያልሠራውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ተቀባዩ ግን ጨርሶ አልተተወም። የሕንዱ ሱቨን ያዘጋጀው ማሱፒርዲን በ2019 የማስታወስ ችሎታን ማሻሻል ሳይችል ቀረ። ሆኖም መረጃው እንደገና ሲመረመር፣ በሽታው ቁጡና እረፍት የለሽ ያደረጋቸው ታማሚዎች ክኒኑን ሲወስዱ ረጋ ማለታቸው ታየ። ስለዚህም ያው ክኒን የአልዛይመር ታማሚዎችን ቁጣና መቅበዝበዝ ለማስታገስ ወደ ሦስተኛው የሙከራ ደረጃ ገብቷል። ሌሊቱን ሙሉ ከማይተኛ አባታቸው ጋር ለሚያድሩ ልጆች ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።