“ጠባይዋ ተለወጠ” ከማለትዎ በፊት

በሚያዝያና በግንቦት አዳማ ውስጥ ከመሸም በኋላ ሙቀቱ ከቤት አይወጣም። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ቆርቆሮ ሌሊት ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። መስኮት እንዳይከፈት የወባ ትንኝ አለ፤ ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ይታፈናል። ጠዋት ሁሉም ተነጫንጮ ይነሳል። ከሁሉም ቀድማ የምትነሳው ግን እናት ናት፤ ምጣዱም ከሰሉም የሚጠብቀው እሷን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች። ከፍታው 1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ሙቀት በዚህ ላይ ይደረባል።

ሙቀት አእምሮን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ እንዲወስደን የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት በመጠኑ መቀነስ አለበት። ክፍሉ ሲሞቅ ይህ ይዘገያል፤ ሰው ሲገላበጥ ያድራል። እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ሲደጋገሙ ትዕግሥት ያልቃል፣ ጭንቀት ይበረታል፣ ድብርት ያለበትም ሊብስበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶች በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ለእርጉዝ ወይም የወር አበባዋ ሊቋረጥ ለተቃረበ ሴት ደግሞ ሙቀቱ የበለጠ ይከብዳል።

ስለዚህ “ዘንድሮ ምነው ነገረኛ ሆነች?” ከማለትዎ በፊት ስንት ሌሊት በቅጡ እንዳልተኛች ይጠይቋት።

ቤት ውስጥ ማድረግ የሚችሉት አለ። እንጀራው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይጋገር። ኮርኒስ ከሌለ፣ ሶፋ ከመቀየርዎ በፊት ኮርኒሱን ያሠሩ። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ቀን በመጋረጃ ይሸፍኑ፤ ሲመሽ አልጋው ላይ አጎበር ዘርግተው ይክፈቱት። ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይረዳል። ሌሊት ለሕፃኑ መነሳትም በተራ ይሁን።

አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳሉ። በቤትዎ የሚወስድ ሰው ካለ ሐኪሙን ያማክሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያስቁሙ።

ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም በምንም ነገር አለመደሰት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ አብረዋት ይሂዱ። ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያድርሷት። “ክረምት ሲገባ ይሻላታል” ብለው አይጠብቁ።