ፈጣኑን ፈረስ ለሌላ ይተዉት

ቅዳሜና እሑድ በእንግሊዝ ኮርቻ ለመንሸራሸር ፈረስ የሚገዛ የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ገንዘብና ደላላ። ምን ዓይነት ፈረስ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አስቦበት የሚሄደው ጥቂት ነው።

የፈረስ ዋጋም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በፈላጊው ይወሰናል። በአገራችን ለግልቢያ ፈረስ ደህና ገንዘብ የሚያወጣው የጉግስና የእሽቅድምድም ወዳጅ ነው፤ እርሱም የሚፈልገው ፍጥነትን፣ እሳትነትንና ከሩቅ የሚያምር መልክን ነው። በእንግሊዝ ኮርቻ የሚዝናና ሰው ፍላጎት ሌላ ነው፤ በእርምጃ፣ በሶምሶማና ዝግ ባለ ግልቢያ ሳይደናገጥ የሚሄድ፣ ልጓሙ በኃይል ሳይሳብ የሚታዘዝ ፈረስ ይበቃዋል። እንግዲህ ገበያው ዋጋ የሚጨምርበትን ጠባይ እርስዎ አይፈልጉትም፤ የሚፈልጉትን ጠባይ ደግሞ ገበያው ዋጋ አይሰጠውም። ፍጥነት አነሰው ተብሎ ከእሽቅድምድም የወጣ፣ የተኮላሸ የ8 ዓመት ፈረስ ለእርስዎ ከሚያስፈነጥዘው ድንጉላ ይሻላል።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የተራበና የደከመ ፈረስም ጨዋ ይመስላል። ከሩቅ መንገድ ተነድቶ የመጣውን ፈረስ በገበያ ቀን አይተው “ጨዋ ነው” ብለው ቢገዙት፣ ገብስ ቀምሶ ሁለት ሳምንት ሲያርፍ ሌላ ፈረስ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ከሻጩ ቤት ድረስ ሄደው፣ በልቶና አርፎ ባለበት ቀን ይዩት። መጀመሪያ ባለቤቱ ይጋልበው፤ ከዚያ እርስዎ።

ዕድሜውን ከደላላ አይጠይቁ፤ አፉን ይክፈቱ። ፈረስ ቋሚ የፊት ጥርሱን የሚጨርሰው በ5 ዓመት ገደማ ነው። በታችኞቹ የፊት ጥርሶች አናት ላይ የሚታየው ጥቁር ጉድጓድ ከዚያ በኋላ እስከ 8 ዓመት ድረስ እየጠፋ ይሄዳል። ኮርቻውን አስወርደው ጀርባውን ይዳስሱ፤ ገጣባ ከሆነ ይተዉት። በእግሩ ወይም በአንገቱ ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ካለ ደግሞ ዋጋው ቢረክስም አይጠጉት። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚዘወተር፣ ለማዳን የሚያስቸግር ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቁመት ብዙ አይጨነቁ። በፈረሱ የታወቀው ሰላሌ እንኳ ቢሄዱ አብዛኞቹ 1 ሜትር ከ40 አይሞሉም። የሚያሳስበው ክብደት ነው። በተለምዶ ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ ይመረጣል ይባላል። ለ250 ኪሎ ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው። ባላገሩ ከዚህ በላይ ጭኖ መንገድ ይወጣል፤ ቢሆንም ቦርጭ ያወጣን ነጋዴዎች ደልደል ያለውን ፈረስ መፈለግ ሳይኖርብን አይቀርም።

ሌላው ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ይሆናል ቢልም፣ ገዢም ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። የፈረሱን ዕድሜና ጤንነት በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ፊርማው የሻጩ ይሁን እንጂ የደላላው አይሁን።

ሒሳቡ ግን በግዢ አያልቅም። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ድርቆሽና እህል ይበላል። 250 ኪሎ ለሚመዝነው በዓመት ከ18 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው፤ እርስዎ ጋለቡትም አልጋለቡትም። የጋጣ ኪራይ፣ የባልደራስ ደመወዝና ቢሾፍቱ የሚመረተው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ከዚህ ውጭ ናቸው።